በኢንች ሳይሆን በፊደል፦ ለጠረጴዛ ኮምፒውተር ትልቅ ሞኒተር አመራረጥ

መግቢያ

እንደሚታወቀው ኮምፒውተር ሊገዛ የተነሣ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ፕሮሰሰሩ ፍጥነት፣ ስለ ራሙና ስለ ሃርድ ዲስኩ መጠን ነው። ነገሩ ሞኒተር ላይ ሲደርስ ግን ጥያቄው አንድ ብቻ ይሆናል፤ «ስንት ኢንች ነው?» ይባላል። እኔም በዚህ ክፍል ሁለት ዓመት ከተማርኩ በኋላ እንኳ ከዚህ የተለየ ጥያቄ አልነበረኝም። ጥያቄው ስሕተት መሆኑን ያስተማረኝ መጽሐፍ ሳይሆን፣ ወግዲ ከተማ ውስጥ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ የምትሠራው ታላቅ እህቴ የከፈለችው ገንዘብ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ለጠረጴዛ ኮምፒውተር ትልቅና ጥራቱ ከፍ ያለ ሞኒተር ስንመርጥ ምን ምን ማየት እንዳለብን፣ በተለይም ደግሞ በአማርኛ ፊደል ለሚሠራ ሰው የትኛው እንደሚስማማ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ስልክ ላይ ያለው ማስሊያ ይበቃል።

1. ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

እህቴ የምትጽፈው ማመልከቻ፣ ውል፣ የፍርድ ቤት አቤቱታ፣ የውክልና ማስረጃና አንዳንዴም የሠርግ ጥሪ ነው። ማሽኗ አሮጌ ቢሆንም ደህና ነው። ሞኒተሯ 18.5 ኢንች ሲሆን ሪዞሉሽኑ 1366 በ768 ነበር። ዕድሜዋ አርባን ሲሻገር ከሰዓት በኋላ ዐይኗ ይደክም፣ ራሷንም ያማት ጀመር። እሷም «አርጅቶብኝ ነው» ትላለች፤ ዐይኗ ይሁን ሞኒተሩ ለይታ አትናገርም።

በዚህ መካከል አንድ ሽማግሌ ለልጃቸው በስጦታ ስላስተላለፉት የእርሻ መሬት ወረቀት ሊያስጽፉ መጡ። እህቴ «ለልጃቸው የሰጡት መሬት» ብላ መጻፍ ሲገባት «ለልጃቸው የሸጡት መሬት» ብላ ጻፈች። ልዩነቱ አንድ ፊደል ነው። እንዲያውም አንድ ፊደል አይሞላም፤ በ«ሰ» አናት ላይ የምትጋደም አንዲት ሰረዝ ብቻ ናት። ብዙዎቻችን በምንጠቀምበት በድምፅ የአጻጻፍ ስልት ደግሞ የሁለቱ ቁልፎች አንዱ ከሌላው ሥር ስለሆኑ ጣት በቀላሉ ይስታል። ይሁን እንጂ ጣት ቢስት ዐይን መያዝ ነበረበት፤ ዐይኗ ግን አልያዘውም።

የዚህች ሰረዝ ክብደት ለአገሬው የተሰወረ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑን ይደነግጋል። የመጠቀም መብትን ለልጅ በስጦታ ማስተላለፍ ይቻላል፤ ሽያጭ ግን አይቻልም። ስለዚህ «ሰጡ» የሚለው ሕጋዊ ወረቀት ሲሆን «ሸጡ» የሚለው ባለቤቱን የሚያስጠይቅ ወረቀት ነው። ሽማግሌው ወረቀታቸው ተመልሶባቸው ከቆላው ዳገቱን ዳግመኛ ወጥተው መጡ። አልተቆጡም። «ልጄ፣ እኔ ማንበብ አልችልም፤ አንቺን አምኜ ነው የፈረምኩት» ብቻ ነው ያሏት። እህቴ ገንዘባቸውን መልሳ በነፃ ጻፈችላቸው። ማታ ደውላ «ትልቅ ሞኒተር ፈልግልኝ» አለችኝ።

2. የሠራነው ስሕተት

የዕቁብ ዕጣዋ ወጥቶላት ስለነበር ገንዘብ አልተቸገርንም። እኔም አማካሪ ሆንኩ። ያማከርኩትም እንዲህ ነው፦ «እትዬ፣ ሞኒተር ውድ ነው፤ ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን ግን ከባለ 27 ኢንች ሞኒተር ይረክሳል፤ ኤችዲ ነው ይባላል፤ ኤችዲኤምአይ መሰኪያም አለው።» ተገዛ። ከደሴ በአቅስታ በኩል መካነ ሰላም፣ ከዚያም ወግዲ ደረሰ። ጠረጴዛው ላይ ሲወጣ ግርማ ሞገሱ ደንበኛ የሚጠራ ነበር።

እህቴ ግን በሦስተኛው ቀን «ፊደሉ ተልቋል እንጂ አልጠራም፤ ጭራሽ ዳር ዳሩ ጢም አወጣ» አለችኝ። እኔ በስልክ «ሪዞሉሽኑን እይው» አልኳት። 1920 በ1080 ይላል አለችኝ። ይህን ስሰማ ጥፋቱ የዐይኗ ነው ብዬ ደመደምኩ። ለዕረፍት ወደ ቤት ስሄድ ግን ከቴሌቪዥኑ ጋር የመጣውን መግለጫ ወረቀት አነበብኩት። የራሱ የመስታወቱ ሪዞሉሽን 1366 በ768 ነው። 1920 በ1080 ምስል ይቀበላል፤ ተቀብሎ ግን ጨምቆ ወደ 1366 በ768 ያወርደዋል። አንዳንድ ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥኖች እንዲህ ናቸው።

ይህ ማለት እህቴ ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍላ አንዲት ነጥብ እንኳ አልጨመረችም ማለት ነው። አሮጌው ሞኒተር 1,049,088 ነጥብ ነበረው፤ አዲሱ ቴሌቪዥንም 1,049,088 ነጥብ ነው ያለው። ያው ነጥብ ሰፋ ባለ መስታወት ላይ ተዘረጋ፤ ልክ አንድን ቁና ጤፍ ሰፋ ባለ ሰፌድ ላይ እንደ ማስጣት ያለ ነው። ጤፉ የበዛ ይመስላል እንጂ ያው ቁና ነው።

3. ነጥብን ስለ መቁጠር

ማንኛውም የኮምፒውተር ምስል ከትናንሽ ነጥቦች፣ ማለትም ከፒክስሎች የተሠራ ነው። ሪዞሉሽን የሚባለው በአግድም ስንት፣ በቁም ስንት ነጥብ እንዳለ ነው። የኢንቹ ልክ ደግሞ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ያለው ርዝመት ነው። የምስሉን ጥራት የሚወስነው ከሁለቱ አንዱ ብቻ አይደለም፤ በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ነጥብ አለ የሚለው ነው።

አሠራሩ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል የተማርነው የፓይታጎረስ ቀመር ነው። ለምሳሌ ባለ 24 ኢንች፣ 1920 በ1080 ሞኒተር እንውሰድ፦

1920 × 1920 = 3,686,400
1080 × 1080 = 1,166,400
ድምሩ 4,852,800፤ ስኩዌር ሩቱ 2203 ገደማ ነው።
2203 ÷ 24 = 92 ነጥብ በኢንች።

ቀጥሎ የሚመጣው የዐይን ነገር ነው። ጤናማ የሚባል ዐይን ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማየት የሚችለው በመካከላቸው ቢያንስ የአንድ ዲግሪ አንድ ስድሳኛ ያህል ማዕዘን ሲኖር ነው። በሒሳብ ሲቀመጥ የአንዱን ነጥብ ስፋት በ3438 ብናባዛ ነጥቦቹ ለየብቻ መታየታቸውን የሚያቆሙበትን ርቀት እናገኛለን። ከዚያ ርቀት ቀረብ ብሎ የሚቀመጥ ሰው የፊደሉን ጥርስ ያያል፤ ራቅ ያለ ሰው ጥርት ያለ መስመር ያያል።

ይህን ሒሳብ ገበያ ላይ ለምናገኛቸው ልኮች ሠርቼው እንደሚከተለው ሆኗል። የመጀመሪያው ቁጥር ነጥብ በኢንች ሲሆን ሁለተኛው ነጥቦቹ የሚጠፉበት ርቀት ነው።

ሠንጠረዥ 1
18.5 ኢንች፣ 1366 በ768 — 85 — 103 ሳ.ሜ.
32 ኢንች ቴሌቪዥን፣ 1366 በ768 — 49 — 178 ሳ.ሜ.
24 ኢንች፣ 1920 በ1080 — 92 — 95 ሳ.ሜ.
27 ኢንች፣ 1920 በ1080 — 82 — 107 ሳ.ሜ.
32 ኢንች፣ 1920 በ1080 — 69 — 127 ሳ.ሜ.
27 ኢንች፣ 2560 በ1440 — 109 — 80 ሳ.ሜ.
32 ኢንች፣ 2560 በ1440 — 92 — 95 ሳ.ሜ.
27 ኢንች፣ 3840 በ2160 — 163 — 54 ሳ.ሜ.
32 ኢንች፣ 3840 በ2160 — 138 — 63 ሳ.ሜ.
43 ኢንች፣ 3840 በ2160 — 102 — 85 ሳ.ሜ.

የመጨረሻዎቹ ሦስቱ በተለምዶ «ፎር ኬ» የሚባሉት ናቸው፤ ጠቅላላ ነጥባቸው 8,294,400 ነው።

አሁን የእህቴን ጉዳይ ከሠንጠረዡ ላይ እንየው። ቴሌቪዥኑ ጥርት ብሎ የሚታየው ከ178 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። እሷ የምትቀመጠው 60 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። ዕቃው መጥፎ አልነበረም፤ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ለሚያዩት የተሠራን ነገር ጠረጴዛ ላይ አውጥተን ነው ያስቸገርነው።

4. የኛ ፊደል ብዙ ነጥብ ይፈልጋል

እዚህ ላይ የውጭ አገር መጽሔቶች የማይነግሩን ነገር አለ። የላቲን ፊደል የሚያነብ ሰው ሃያ ስድስት ቅርጾችን፣ ከነትልልቆቹ ሃምሳ ሁለት ቅርጾችን ይለያል። እኛ ከሁለት መቶ በላይ ቅርጾችን እንለያለን፤ ልዩነታቸውም ብዙ ጊዜ በአንዲት ሰረዝ፣ በአንዲት ቀለበት ወይም በእግር ማጠርና መርዘም ነው። እስቲ እነዚህን እንመልከት፦

በአናት ሰረዝ የሚለያዩ፦ ሰ ሸ፣ ተ ቸ፣ ነ ኘ፣ ደ ጀ፣ ዘ ዠ፣ ከ ኸ
በእግር ቅጥያ የሚለያዩ፦ ሊ ሌ፣ ቢ ቤ፣ ሲ ሴ፣ ኪ ኬ

«ተ» እና «ቸ» ቢምታቱ አረፍተ ነገሩ ራሱ ያርመናል፤ «ሰጡ» እና «ሸጡ» ግን ሁለቱም ትክክለኛ ቃል ስለሆኑ ዐይን ካልያዛቸው የሚይዛቸው የለም።

ፊደሉ ስንት ነጥብ እንደሚደርሰውም ማስላት ይቻላል። በ12 ልክ የተጻፈ ፊደል የአንድ ኢንች አንድ ስድስተኛ ቁመት ይሰጠዋል። ዊንዶውስ አንድን ኢንች እንደ 96 ነጥብ ስለሚቆጥር በተለመደው 100 ፐርሰንት አቀማመጥ ፊደሉ የሚደርሰው 16 ነጥብ ነው። ከዚህም ውስጥ ከላይና ከታች ክፍት የሚተወው ቦታ ይቀነሳል። በቀረው ውስጥ የ«ሸ» ሰረዝ የሚደርሳት አንዲት ነጥብ፣ ቢበዛ ሁለት ናት።

ዋናው ቁም ነገር ይኸውና፦ መስታወቱ 18.5 ኢንችም ሆነ 32 ኢንች፣ በ100 ፐርሰንት የፊደሉ ድርሻ ያው 16 ነጥብ ነው። ትልቁ መስታወት ነጥቡን ያሰፋዋል እንጂ አይጨምርለትም። ለፊደሉ ነጥብ የሚጨመርለት ሪዞሉሽኑ ከፍ ያለ ሞኒተር ገዝተን፣ በዊንዶውስ ማስተካከያ ውስጥ «ስኬል» የሚለውን ከፍ ስናደርግ ነው። ንጽጽሩን እንይ፦

24 ኢንች፣ 1920 በ1080፣ 100 ፐርሰንት — 16 ነጥብ፣ ቁመቱ 4.4 ሚ.ሜ.
32 ኢንች፣ 1920 በ1080፣ 100 ፐርሰንት — 16 ነጥብ፣ ቁመቱ 5.9 ሚ.ሜ.
32 ኢንች፣ ፎር ኬ፣ 150 ፐርሰንት — 24 ነጥብ፣ ቁመቱ 4.4 ሚ.ሜ.
27 ኢንች፣ ፎር ኬ፣ 175 ፐርሰንት — 28 ነጥብ፣ ቁመቱ 4.4 ሚ.ሜ.

የመጀመሪያውና የመጨረሻው በማስመሪያ ቢለኩ እኩል ናቸው። ነገር ግን በመጨረሻው ፊደሉ በ16 ፈንታ 28 ነጥብ ተሰጥቶታል። ሰረዟ ሰረዝ፣ ቀለበቷም ቀለበት ትሆናለች።

አንዳንድ ጓደኞቼ ፎር ኬ ገዝተው «ጽሑፉ አነሰብን» ብለው ሪዞሉሽኑን ወደ 1920 በ1080 አውርደውታል። ይህ የከፈሉበትን መልሶ መጣል ነው። ሪዞሉሽኑ ሁልጊዜ በሞኒተሩ የራሱ ልክ ይሁን፤ ማሳደግ ያለብን ስኬሉን ነው። እርግጥ ድሮ የተሠሩ አንዳንድ ፕሮግራሞች ስኬል ሲጨመር ይደበዝዛሉ። የምንሠራበት እንዲህ ያለ ፕሮግራም ካለ ከመግዛታችን በፊት የሰው ማሽን ላይ መሞከር ይበጃል።

ስለ ፊደሉ ዓይነትም አንድ ነገር ልበል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛ ዕትም ውስጥ ገባ። ኒያላ የተባለው ፊደል ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር መጣ፤ ኢብሪማ ደግሞ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ የኛን ፊደል ያዘ። ኒያላ ቀጫጭን መስመሮች ስላሉት ነጥብ በሚያንሰው ሞኒተር ላይ ይሳሳል። የኢብሪማ መስመር ወጥ ስለሆነ ይሻላል። ሞኒተር ለመቀየር አቅም የሌለው ሰው ሲጽፍ በኢብሪማ ጽፎ ሲያትም ወደሚፈልገው ፊደል ቢቀይር ያለ ምንም ወጪ ዐይኑን ያሳርፋል።

5. ጠረጴዛውን መለካት

ሰው ሞኒተር ሊገዛ ሲሄድ የጠረጴዛውን ልክ ይዞ አይሄድም። መያዝ ግን አለበት። ለጽሕፈት ሥራ ዐይንና መስታወት ሊራራቁ የሚገባው አንድ ክንድ ያህል፣ ከ50 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የመስታወቱ የላይ ጫፍም ከዐይን ትይዩ ወይም ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት፤ ከዚያ በላይ ከሆነ አንገት ቀኑን ሙሉ ቀና ብሎ ይውላል።

የመስታወቶቹ ስፋት እንደሚከተለው ነው፦ ባለ 24 ኢንች 53 በ30 ሳንቲ ሜትር፣ ባለ 27 ኢንች 60 በ34፣ ባለ 32 ኢንች 71 በ40፣ ባለ 43 ኢንች 95 በ54 ገደማ። አንድ ኤ4 ወረቀት 21 በ29.7 ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ባለ 27 ኢንቹ ሁለት ኤ4 ገጾችን በእውነተኛ ልካቸው ጎን ለጎን ይይዛል፤ ባለ 32 ኢንቹ ሦስት ይይዛል። ባለ 43 ኢንቹ ደግሞ ከ60 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲታይ ጭንቅላትን ከግራ ወደ ቀኝ ያመላልሳል።

የእህቴ ጠረጴዛ ከፊት እስከ ግድግዳ 60 ሳንቲ ሜትር ነው። የሞኒተሩ እግር ራሱ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ይበላል። ወንበሯን ወደ ኋላ ብትስብ ከ55 እስከ 60 ታገኛለች። ይህ ልክ ባለ 32 ኢንቹን ፎር ኬ እንኳ ያጠበዋል። ሠንጠረዥ 1ን ስናይ ለ55 እና ለ60 ሳንቲ ሜትር የሚሆነው ባለ 27 ኢንቹ ፎር ኬ ነው። ምርጫውን የወሰነው ጠረጴዛው ነው ማለት ይቻላል።

6. ኮምፒውተሩ ይችለዋል ወይ?

ፎር ኬ ሞኒተር ገዝቶ ኮምፒውተሩ የማይችለው ከሆነ ችግር ነው። ከማሽኑ ኋላ ያሉትን መሰኪያዎች ማየት ያስፈልጋል።

ቪጂኤ የሚባለው ሰማያዊው መሰኪያ ለፎር ኬ አይሆንም፤ አዳዲሶቹ ሞኒተሮችም ብዙዎቹ ጭራሽ የላቸውም። ኤችዲኤምአይ 1.4 ፎር ኬ ያሳያል፤ ግን በሰከንድ 30 ጊዜ ብቻ ነው። በ30 ጊዜ ማውሱ የሚጎተት፣ ገጹም ሲንቀሳቀስ የሚንቀጠቀጥ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ኤችዲኤምአይ 2.0 በሰከንድ 60 ጊዜ ያደርሳል። ዲስፕሌይ ፖርት 1.2 ደግሞ ከእሱ ቀድሞ ይህን ይችል ነበር።

የእህቴ ማሽን አራተኛ ትውልድ ኢንቴል ሲሆን ከኋላው አንድ ቪጂኤና ሁለት ዲስፕሌይ ፖርት አለው። ስለዚህ ሌላ የምስል ካርድ ሳያስፈልገው በዲስፕሌይ ፖርት ፎር ኬውን በ60 ያወጣል። እኔ ግን ቴሌቪዥኑን ያገናኘሁት ከዲስፕሌይ ፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ በሚቀይር ርካሽ አስማሚ ነበር። በእንዲህ ያለ አስማሚ 60 አይገኝም። ቀጥተኛ የዲስፕሌይ ፖርት ኬብል መግዛት ይሻላል።

ይህ የመሰኪያ ችግር የቆየ ነው። ኩባንያው አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ2001 ባለ 22.2 ኢንች፣ 3840 በ2400 ሞኒተር ሠርቶ ነበር፤ 204 ነጥብ በኢንች ማለት ነው። አራት ኬብል ተሰክቶለት እንኳ በሰከንድ ወደ 41 ጊዜ ያህል ነበር የሚያሳየው። መስታወቱ ቀድሞ ደረሰ፤ ገመዱና ኮምፒውተሩ ግን ለመድረስ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀባቸው።

7. ሌሎች መታየት ያለባቸው ነገሮች

ሀ. የመስታወቱ ዓይነት፦ ቲኤን፣ ቪኤ እና አይፒኤስ የሚባሉ አሉ። ቲኤን ከጎን ሲታይ ቀለሙ ይለወጣል። ደንበኛ ከጎን ቆሞ ጽሑፉን አብሮ በሚያይበት ቤት አይፒኤስ ተመራጭ ነው።

ለ. ነፀብራቅ፦ ደጋ ላይ ፀሐዩ ኃይለኛ ነው፤ ሱቅ ደግሞ በሩ ክፍት ነው። የሚያብለጨልጭ መስታወት በሩን፣ መንገዱንና አላፊውን ሁሉ ያሳያል። ነፀብራቅ የሌለውን ደብዛዛ ገጽ መምረጥ፣ ሞኒተሩንም በሩን በጎኑ እንዲያይ አድርጎ ማስቀመጥ ነው።

ሐ. መብራት፦ በየአካባቢያችን መብራት መጥፋቱና መዋዠቁ ያለ ነው። ባለ 27 ኢንች ፎር ኬ በአብዛኛው ከ30 እስከ 60 ዋት ይወስዳል። ሞኒተሩን ከማሽኑ ጋር በዩፒኤስ ላይ መሰካት ያስፈልጋል፤ ማሽኑ ሳይጠፋ ሞኒተሩ ቢጠፋ የጀመርነውን ጽሑፍ ሴቭ ማድረግ አንችልምና። ዩፒኤሱ የሁለቱን ዋት ድምር መቻሉንም ማረጋገጥ ነው። ፎቶ ኮፒውና ፕሪንተሩ ግን ዩፒኤሱ ላይ አይሰኩ።

መ. ቴሌቪዥንን ሞኒተር ማድረግ፦ ፎር ኬ የሆነ ባለ 43 ኢንች ቴሌቪዥን ጥልቅ ጠረጴዛ ላለው ሰው ሊሠራ ይችላል። ሆኖም አንዳንዱ የምስሉን ጠርዝ ይቆርጣል፤ አንዳንዱ የቀለሙን መረጃ ስለሚቀንስ በቀይና በሰማያዊ የተጻፈ ፊደል ይደፈርሳል። ለጽሑፍ ሥራ ሳይሞከር አይገዛም።

8. የፊደል ፈተና

ከቴሌቪዥኑ በኋላ አንድ ነገር አዘጋጀሁ። በ12 ልክ፣ በኒያላ፣ ከላይ የዘረዘርኳቸውን ጥንዶች አንድ ገጽ ሙሉ አደባልቄ ጻፍኩ። «ሰጡ ሸጡ ሰጡ ሰጡ ሸጡ» የሚል መስመርም ጨመርኩበት። በፍላሽ አድርጌ አዲስ አበባ ላለው ያጎቴ ልጅ ላክሁለት። መርካቶ ያገለገሉ ሞኒተሮች ወደሚሸጡበት ሄዶ ፍላሹን ሰክቶ፣ ክንዱን ዘርግቶ ለክቶ፣ መስመሩን ጮክ ብሎ እንዲያነብ ነገርኩት። ባለ ሱቁ መጀመሪያ ሳቀ አሉ። ኋላ ግን እሱም አብሮ አነበበ።

በዚሁ ፍላሽ ላይ ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ጥቁር፣ ሙሉ ቀይ፣ ሙሉ አረንጓዴና ሙሉ ሰማያዊ ገጾችን አስቀመጥኩ። የሞቱ ነጥቦች በእነዚህ ላይ ይታያሉ። ደሴ ወይም መካነ ሰላም ላለ ሰው ዕቃ ለመመለስ አንድ ሁለት ቀን መንገድ ስለሆነ ማየት ያለበት እዚያው ሱቅ ውስጥ ነው። መኪና ላይ ሲጫንም ሞኒተር በቁሙ እንጂ ተኝቶ አይጫንም፤ ላዩ ላይም ኩንታል አይደረብበትም።

በመጨረሻ የገዛነው ያገለገለ ባለ 27 ኢንች ፎር ኬ፣ አይፒኤስ፣ ዲስፕሌይ ፖርት ያለውና ደብዛዛ ገጽ ነው። ዋጋውን አልጠቅስም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ዛሬ የምጽፈው ቁጥር ነገ አይሠራም። ሒሳቡ ግን አይለወጥም።

9. ሞኒተር የማይፈታው ነገር

እህቴ ሞኒተሩን ከመቀየሯ በፊት ደሴ ሄዳ ዐይኗን ታይታ ነበር። ለቅርብ ማያ መነጽር ታዘዘላት። ከአርባ ዓመት በኋላ ዐይን የቅርቡን ማየት እየተሳነው መሄዱ የተፈጥሮ ነው፤ ሞኒተር አያድነውም። እውነቱን ለመናገር የራስ ምታቷ ግማሹ የጠፋው በመነጽሩ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ቅድሚያ ለዐይን ምርመራ ይሁን እላለሁ።

ሁለተኛው፣ ሞኒተር ጽሑፍ አያርምም። እህቴ አሁን ውልና የመሬት ወረቀት ሲሆን አንድ ጊዜ አትማ፣ ለባለ ጉዳዩ ጮክ ብላ አንብባ ነው የምታስፈርመው። ማንበብ የማይችል ሰው ጆሮ አለው፤ «ሸጡ» ሲባል ቢሰማ ኖሮ ያ ሽማግሌ እዚያው ያርሟት ነበር።

ማጠቃለያ

ከላይ የተባለውን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው። በመጀመሪያ ጠረጴዛችሁን ለኩ፤ ከዐይን እስከ መስታወት ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነ እወቁ። ሁለተኛ፣ በሠንጠረዥ 1 ለዚያ ርቀት የሚሆነውን ልክና ሪዞሉሽን ፈልጉ። ሦስተኛ፣ የኮምፒውተራችሁን መሰኪያ እዩ። አራተኛ፣ ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን «ኤችዲ» የሚል ቃል ሳይሆን መግለጫው ላይ ያለውን የመስታወቱን የራሱን ሪዞሉሽን አንብቡ። አምስተኛ፣ የፊደሉን ፈተና ሱቅ ውስጥ አድርጉ። አቅም ካነሰ ባለ 24 ኢንች፣ 1920 በ1080 ከባለ 32 ኢንች፣ 1920 በ1080 ይሻላል፤ በርካሽም ይገኛል።

ለክፍላችንም አንድ ሐሳብ አለኝ። ለቤተ ሙከራ ዕቃ ሲጠየቅ በመግለጫው ላይ ኢንቹ ብቻ ባይጻፍ፤ ሪዞሉሽኑ፣ የመሰኪያው ዓይነትና የመስታወቱ ዓይነት አብረው ይጻፉ። «ባለ 27 ኢንች ሞኒተር» ብቻ ብለን ከጠየቅን 82 ነጥብ ያለውም፣ 163 ነጥብ ያለውም መጥቶ «ያላችሁት ይኸው» ቢባል መልስ የለንም።

ቴሌቪዥኑ አሁን እህቴ ቤት ግድግዳ ላይ ነው። ከሶፋው እስከ እሱ ያለውን ርቀት ለካሁት፤ ሁለት ሜትር ከአሥር ሆነ። ከዚያ ሲታይ በጣም ጥሩ ነው።